ግራኝ ጠመንጃዬን ወደ .338 ጥይት አስቀየርኩት፤ ከአንድ የአደን ወቅት በኋላ የምለው ይኸው

ግራኝ ነኝ። ደብረ ታቦር ልጅ ሆኜ እናቴ ቀኝ እጄን ይዛ እንጀራ ታስቆርሰኝ ነበር። መምህሬ ደግሞ እርሳሱን ከግራ እጄ ወስደው ቀኜ ላይ ያስይዙኝ ነበር። በመብላትና በመጻፍ ተሳክቶላቸዋል፤ ዛሬም የምጽፈው በቀኝ ነው። በጠመንጃ ግን አልሆነም። አባቴ ምንሽሩን መጀመሪያ ያስያዘኝ ዕለት ሰደፉን ግራ ትከሻዬ ላይ አሳረፍኩት። አዞረው። መልሼ አዞርኩት። ሦስተኛው ላይ "ተወው፣ እንደተፈጠረ ይተኩስ" አለና ለቀቀኝ። ምክንያቱን ያወቅኩት ብዙ ዓመት ቆይቶ፣ እዚህ ኮሎራዶ የአዳኞች ትምህርት ስወስድ ነው። እዚህ ግዛት በፈረንጆቹ ከጥር 1 ቀን 1949 ወዲህ የተወለደ ሰው ያለዚያ ትምህርት የአደን ፈቃድ አያገኝም። አስተማሪው ጣታችንን ወደ ግድግዳ ቀስረን አንድ አንድ ዓይናችንን እንድንጨፍን አደረገን። የእኔ አነጣጣሪ ዓይን ግራው ሆነ። እጅ በልምምድ ይቀየራል፣ ዓይን ግን አይቀየርም።

ስለዚህ ለእኔ ግራኝ ጠመንጃ ቅንጦት አይደለም። የተለመደው ጠመንጃ ማቀባበያው በቀኝ በኩል ነው። በግራ ትከሻው የሚተኩስ ሰው አንዴ ከተኮሰ በኋላ ግራ እጁን ከቃታው አንስቶ፣ በማነጣጠሪያ መነፅሩ ላይ አሻግሮ፣ ማዶ ያለውን ማቀባበያ ስቦ፣ ቀለሁን አስወጥቶ፣ መልሶ ገፍቶ ነው ሁለተኛውን ጥይት የሚያጎርሰው። ይህን ሁሉ ሲያደርግ ጉንጩ ከሰደፉ ይነሳል። አውሬው ከመነፅሩ ይጠፋል። በዚያ ላይ ቀለሁ የሚወጣው ፊቱ ባለበት በኩል ስለሆነ፣ አንድ ቀን ቀለህ ቢሰነጠቅ ጋዙ ወደ ጉንጩ ነው የሚመጣው። በቀኝ ጠመንጃ ዕድሜ ልካቸውን የተኮሱ ግራኞች አውቃለሁ። ጎበዞች ናቸው። ግን ማንም በሰው ጫማ መንገድ እንዲሄድ አልመክርም።

የእኔው ሳቬጅ 110 ነው፣ ግራኝ። ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት አንድ አደን ያቆሙ ግራኝ ሽማግሌ ኦሮራ ውስጥ ሸጡልኝ። ሳቬጅ ይህን ሞዴል በፈረንጆቹ 1958 ሲያወጣ ስሙን የሰጠው በዋጋው ነው፤ ያኔ 109 ዶላር ከ95 ሳንቲም ነበር። ብዙም ሳይቆይ የግራኙን አወጣ። አብዛኛው ፋብሪካ ግራኙን ረስቶት በነበረበት ጊዜ ማለት ነው። ሳይታሰብ እንዳይተኩስ የሚይዘው መቆለፊያው ከላይ፣ አውራ ጣት የሚያርፍበት ቦታ ላይ ስለሆነ ለየትኛውም እጅ ይመቻል። ጥይቱ 7 ሚሊ ሜትር ሬሚንግተን ማግነም ነበር። ከዚህ ጠመንጃ ጋር ተላምደናል። ጨለማ ውስጥ ስይዘው እንኳ እጄ የት እንደሚያርፍ አውቀዋለሁ።

ታዲያ ለምን አስቀየርኩት? 7 ሚሊ ሜትሩ አንሶኝ አይደለም። ኤልክን፣ ትልቁን የአሜሪካ አጋዘን፣ በሚገባ ይጥላል፤ አራት ጥዬበታለሁ። ነገሩ የመጣው ከአማቼ ነው። አላስካ፣ አንኮሬጅ ነው የሚኖረው። "መስከረም ላይ ና፣ ሙስ እናድን" ካለኝ ሁለት ዓመት ሆነው። ሙስ ማለት የአጋዘን ዘር ሆኖ ቁመቱ ከፈረስ የሚበልጥ እንስሳ ነው። የአላስካው ወንድ እስከ 1,600 ፓውንድ ይደርሳል፣ ከ700 ኪሎ በላይ ማለት ነው። በዚያ ላይ ሥጋውን እየበለትክ ሳለ ቡናማው ድብ ሽታውን ተከትሎ ሊመጣ ይችላል። እግረ መንገዴን፦ አላስካ ውስጥ ከሌላ ግዛት የመጣ አሜሪካዊ ዜጋ ሙስን ያለ ባለሙያ መሪ ማደን ይችላል። ለቡናማ ድብ ግን ወይ መሪ ወይ ነዋሪ የሆነ የቅርብ ዘመድ አብሮት መሆን አለበት፤ አማች ከዘመድ ይቆጠራል። ዜግነት ያላገኛችሁ ግን ለሙስም ቢሆን መሪ ሊያስፈልጋችሁ ስለሚችል አስቀድማችሁ ጠይቁ። ብዙ የእኛ ሰዎች ይህን ሳያውቁ ትኬት ይቆርጣሉ።

ከበድ ያለ ጥይት ፈለግሁ። መጀመሪያ አዲስ ልግዛ ብዬ ነበር። ገበያውን ሳየው ለግራኝ የሚሠራው ጠመንጃ አብዛኛው በተለመዱት ጥይቶች ነው። ከበድ ወዳለው ስትሄድ ምርጫው ይሳሳል፣ ዋጋው ይንራል። ስለዚህ ጠመንጃዬን ይዤ ባሬሉን ብቻ ማስቀየር መጣልኝ። ባሬል ስል ከጥይት ማጉረሻው እስከ አፈሙዙ ያለውን ቱቦ ነው።

አሁን ዋናው ነገር እዚህ ጋ ነው፣ ረጋ ብላችሁ አንብቡልኝ። የፈለጋችሁትን ጥይት ሳይሆን ጠመንጃው የሚቀበለውን ጥይት ነው የምትመርጡት። ሁለት ነገር ይወስነዋል። አንደኛው የማቀባበያው ፊት ነው፣ የቀለሁን ቂጥ የሚይዘው ጎድጓዳ። በ.30-06 እና በ.308 ዓይነቶቹ ስፋቱ 12 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። በማግነሞቹ፣ ብዙ ባሩድ በሚይዙት ኃይለኛ ጥይቶች፣ 13.5 ገደማ። ሁለተኛው የካዝናው ርዝመት ነው። ጥይቱ ከነአረሩ እዚያ ውስጥ ካልተኛ ዋጋ የለውም።

መጀመሪያ ልቤ የሄደው ወደ .375 ኤች ኤንድ ኤች ነበር። ከፈረንጆቹ 1912 ጀምሮ ያለ ጥይት ነው። በበርካታ የአፍሪካ አገሮች ለጎሽና ለዝሆን ከዚያ ያነሰ አይፈቀድም። ስሙ ብቻውን ያስጎመጃል። ግን ከነአረሩ 91 ሚሊ ሜትር ይደርሳል፤ የእኔ ካዝና የተሠራው ለ85 ነው። ለዚያ ሲባል ካዝናውን ማስረዘም፣ ብረቱን መፋቅ፣ ጥይቱ የሚወጣበትን መንገድ እንደገና መሞረድ ይመጣል። ያንን ማድረግ የሚችል ሰው አለ። ሒሳቡ ግን ከአዲስ ጠመንጃ ይበልጣል፣ የተፋቀ ብረት ደግሞ አይመለስም። .375 ሩገር በ2007 የወጣው ይህንን ችግር ለማቃለል ነው። እሱ 85 ሚሊ ሜትር ላይ ያልቃል፣ ቂጡም ከማግነሞቹ ጋር አንድ ነው። እውነቱን ለመናገር ጎሽ ላድን የምሄድ ብሆን እሱን ነበር የምመርጠው። እኔ ግን ጎሽ አላድንም።

የቀረው .338 ዊንቸስተር ማግነም ነው። እሱም የ1958 ነው፣ እንደ ሳቬጅ 110። ቂጡ ከ7 ሚሊ ሜትሩ ጋር አንድ ነው። የቀለሁ ቁመት አንድ ነው፣ 63.5 ሚሊ ሜትር። ከነአረሩ በ85ቱ ውስጥ ይተኛል። ማለትም ማቀባበያው አይነካም፣ ካዝናው አይነካም፣ የሚቀየረው ባሬሉ ብቻ ነው። አላስካ ውስጥም ለሙስና ለድብ ብዙ ሰው የሚይዘው ጥይት ስለሆነ ሻንጣ ቢጠፋ እዚያው ሱቅ ይገኛል። አማቼ "እሱን ካልክ ተስማምተናል" አለ።

ጠመንጃውን መጀመሪያ የወሰድኩት ከተማ ውስጥ ያለ አንድ ትልቅ ሱቅ ነበር። ስሙን አልጽፍም። የተቀበለኝ ልጅ ገና እንዳየው ፊቱን አጨማደደ። "ግራኝ ነው፤ ለግራኝ የሚሆን ባሬል በልዩ ትእዛዝ ነው የሚመጣው፣ ተጨማሪ ይከፈላል" አለኝ። አላወቅኩም ነበርና አመንኩት። 150 ዶላር ቀብድ ከፈልኩ። ጠመንጃ ሱቅ ውስጥ ካደረ መዝገብ ላይ ይሰፍራል፤ ፈርሜ ወጣሁ። ስምንት ሳምንት ይፈጃል ነበር ያለኝ። ስምንቱ ሳምንት አለፈ። ስደውል "ገና አልመጣም"። እንደገና ስደውል "ያዘዘው ሰው ዛሬ የለም"። በአራተኛው ወር በአካል ሄድኩ። ጠመንጃዬ ጥግ ላይ ቆሞ አቧራ ለብሷል። ባሬሉ አልታዘዘም። አንድ ቀንም አልታዘዘም። ቀብዴን ተቀብዬ፣ መዝገቡ ላይ ፈርሜ፣ ይዤው ወጣሁ። መኪናዬ ውስጥ ቁጭ ብዬ በንዴት እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። የጠፋው ገንዘቡ አልነበረም። አራት ወር ነው የጠፋው፤ የበጋ ልምምዴም ግማሹ አብሮ ሄደ።

ሁለተኛውን ሰው ያገኘሁት ኢላማ ተኩስ ሜዳ ላይ በሰው በሰው ነው። ከከተማ አርባ ደቂቃ ወጣ ብሎ፣ ከቤቱ ጀርባ ያለ ጋራዥ ውስጥ ብቻውን የሚሠራ ሽማግሌ ጠመንጃ ጠጋኝ ነው። ማስታወቂያ የለውም። ስልክ የሚያነሳው ከሰዓት ብቻ ነው። ገብቼ ጠመንጃውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩና "ይቅርታ፣ ግራኝ ነው" አልኩት፤ የመጀመሪያው ሱቅ አስለምዶኝ። ቀና ብሎ አየኝ። ከመደርደሪያው አንድ ባሬል አወረደና እጄ ላይ አስቀመጠው። "ይኸን አዙረው" አለኝ። አዞርኩት። "ግራው የትኛው ነው? ቀኙስ?" አለኝ።

የለውም! ክብ ቱቦ ነው። ግራኝነቱ ያለው ማቀባበያውና ማቀባበያው በሚሄድበት ብረት ላይ ነው እንጂ የሳቬጅ ባሬል ግራና ቀኝ የለውም። ለቀኝ ሰው የሚሸጠው ያው ባሬል ለእኔም ይገጥማል፣ በያው ዋጋ። ግራኞች ሆይ፣ "ለግራኝ ልዩ ባሬል" ብሎ ተጨማሪ የሚጠይቃችሁ ሰው ካጋጠማችሁ ጠመንጃችሁን ይዛችሁ ውጡ። ይህን አንድ ነገር ብቻ ብነግራችሁ እንኳ ይህን ጽሑፍ መጻፌ ዋጋ አለው። ልዩ ትእዛዝ የሚያስፈልገው እንጨቱ፣ ማለትም ብረቱ የሚያርፍበት ሰደፍ ነው፤ ወደ እሱ እመለሳለሁ።

ሽማግሌው ምንም ከማዘዙ በፊት ለካ። ሳቬጅ ሁሉ አንድ አይደለም፤ ባሬሉ የሚገባበት አንገት ሁለት ዓይነት ውፍረት አለው፣ ቀጭኑና ወፍራሙ። የእኔ ቀጭኑ ነው። "ይህን ሳይለካ የሚያዝ ሰው አንድ ጊዜ ትክክል ይሆናል፣ ሌላ ጊዜ ባሬሉ መደርደሪያ ላይ ይቀራል" አለ። ከዚያ አንድ ያላሰብኩትን ነገር አነሳ። ውጭው ውፍረቱ አንድ ሆኖ ቀዳዳው ሲሰፋ ባሬሉ ይቀላል። .338 ደግሞ ከ7 ሚሊ ሜትሩ ይበልጥ ይራገጣል። ቀላል ጠመንጃ ላይ ከባድ ጥይት ትከሻ ይፈጃል። ስለዚህ ወፈር ያለ ባሬል መከረኝ፣ 24 ኢንች። ተስማማሁ። አፈሙዙ ላይ ርግጫ የሚቀንስ ቀዳዳ ያለው ቆብ ልግጠምልህ ወይ አለኝ፤ እምቢ አልኩ። ርግጫውን በእርግጥ ይቀንሳል፣ ድምፁ ግን ከጎንህ የቆመውን ሰው ጆሮ ይጎዳል። አደን የምወጣው ከሰው ጋር ነው።

ባሬሉ በ12 ቀን ደረሰ። ሥራውን ሳይ እንድቆም ፈቀደልኝ፤ ሁሉም አይፈቅድም። የድሮው ባሬል በቀላሉ አልወጣም። ሳቬጅ ባሬሉን የሚይዘው በቀለበት ዳዶ ነው፤ ያ ዳዶ ዘመኑን ሙሉ ተቀምጦ ዝጎ ነበር። ዘይት ቀብቶ አሳደረው። በማግሥቱ ባሬሉን በሁለት እንጨት መካከል አስሮ ረጅሙን መፍቻ ጫነበት። ቀስ አለ። እንደገና ጫነ። "ጧ" የሚል ድምፅ ወጣ፤ ልቤ ወደቀ፣ የተሰበረ መስሎኝ። ዳዶው ለቆ ነበር። ሽማግሌው ፊቱ አልተለወጠም።

ከሁሉም የምወደው ልኬቱን ያደረገበት ሰዓት ነው። ጥይት የሚመስሉ ሁለት የብረት መለኪያዎች አሉ። አንዱ "ጎ" ይባላል፣ ሌላው "ኖ ጎ"። የመጀመሪያውን አጎረሰና ማቀባበያውን በሁለት ጣት ብቻ ገፋው። እንደ ሐር ለስልሶ ተዘጋ። ሁለተኛውን አጎረሰ። በሁለት ጣት ገፋ። ግማሽ ላይ ቆመ። አልዘጋ አለ። መዝጋትም የለበትም፤ ከተዘጋ ማጉረሻው ለጥይቱ ሰፍቷል ማለት ነው፣ ቀለሁ ሲተኮስ ይለጠጣል፣ ከዚያም ይሰነጠቃል። እኔም እንድሞክረው ሰጠኝ፣ በግራ እጄ። ያንን ግማሽ ላይ የመቆም ስሜት ጣቴ እስካሁን ያስታውሰዋል። ይህ ሥራ ቪዲዮ እያዩ ቤት የሚሞከር አይደለም። የሳቬጅ ባሬል ቤት ውስጥም ይቀየራል የሚሉ አሉ፣ የቀየሩም አሉ። ፊታችሁ ከዚያ ብረት በአንድ ጋት ርቀት ላይ ነው የሚያርፈው። እኔ በበኩሌ ለዚህ 180 ዶላር መክፈል አይቆጨኝም።

አንድ ማሳሰቢያ። 7 ሚሊ ሜትሩና .338ቱ ቀለሃቸው ቁመቱም የታችኛው ቀበቶውም አንድ ስለሆነ በጨለማ፣ በጓንት፣ በችኮላ ሊምታቱ ይችላሉ። የእኔን የድሮ ጥይት በሙሉ፣ አራት ካርቶን ነበር፣ 7 ሚሊ ሜትር ለያዘ ወዳጄ ሰጥቼ ከቤት አስወጣሁት። አሁን ቤቴ ውስጥ አንድም የለም። አዲሱ ባሬል ላይም ሽማግሌው የጥይቱን ስም በጉልህ ቀርጾበታል።

ከዚያ ኢላማ ሜዳ። እዚህ ላይ ነው ሥራው እንከን የታየበት። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ጥይቶች በ100 ያርድ ላይ አንድ ኢንች ተኩል ውስጥ ገቡ። ደስ አለኝ። ቀጣዮቹ ሦስት ወደ ቀኝ ሄዱ። ከዚያ ቀጥሎ ያሉት ደግሞ ወደ ቀኝና ወደ ላይ። መነፅሩ ላልቶ ይሆናል ብዬ ብሎኖቹን ፈተሽኩ፤ ደህና ናቸው። ባሬሉ ሲቀዘቅዝ ቆየሁና ሦስት ተኮስኩ። ተመልሶ የመጀመሪያው ቦታ ገባ። ባሬሉ ሲሞቅ ነው የሚሸሸው ማለት ነው።

ቤት ስገባ አንድ ተራ ወረቀት ወሰድኩና በባሬሉና በእንጨቱ መካከል ከአፈሙዙ በኩል ወደ ኋላ ሳብኩት። ነፃ የሆነ ባሬል ላይ ወረቀቱ ያለ እንቅፋት እስከ ማጉረሻው ድረስ መሄድ አለበት። የእኔው ገና አራት ጣት ሳይሄድ በግራ በኩል ተያዘ። ወፈር ያለውን ባሬል ስንመርጥ እንጨቱ ለቀጭኑ ነበር የተፈለፈለው። ሽማግሌው ፈልፍሎታል፣ ግን ጫፉ ላይ በቂ አልነበረም። ባሬሉ ሲሞቅ እንጨቱን ይገፋል፣ እንጨቱ መልሶ ይገፋዋል፣ ጥይቱ ይሸሻል።

ደውዬ ነገርኩት። አልተከራከረም። "የኔ ጥፋት ነው፣ ዛሬውኑ ይዘኸው ና" አለ። እንጨቱን በተጠቀለለ የአሸዋ ወረቀት እየፋቀ፣ ወረቀት እያስገባ፣ እየፋቀ፣ አንድ ሰዓት ሠራበት። ከዚያ የተፋቀውን እንጨት ዝናብ እንዳያበላሸው ቀባው። አንድ ሳንቲም አልጠየቀም። ለእኔ የባለሙያ መለኪያው ይህ ነው፤ ስህተት የማይሠራ ሰው አላገኘሁም፣ ስህተቱን ሳይሸሽ የሚያስተካክል ግን አገኘሁ። ከዚያ ወዲህ ስድስት ጥይት በተከታታይ ብተኩስም ቦታው አይንቀሳቀስም። ምርጡ ሦስት ጥይት አንድ ኢንች ከትንሽ ነው። ለአደን ከበቂ በላይ ነው።

ጥይት ማጉረስ ላይ ምንም ቅሬታ የለኝም። እስካሁን ከሰማንያ ጥይት በላይ ተኩሼበታለሁ፣ አንድም ጊዜ አልነከሰም፣ አንድም አልከሸፈም። ካዝናው እንደድሮው ሦስት ይይዛል።

ርግጫው ግን ልዩነት አለው፣ አልደብቅም። 7 ሚሊ ሜትሩ 160 ግሬይን (ግሬይን የአረር ክብደት መለኪያ ነው) አረር በሴኮንድ 2,950 ጫማ አካባቢ ነው የሚወረውረው። .338ቱ 225 ግሬይን አረር በ2,800 ጫማ። ጉልበቱ በፉት ፓውንድ (የጥይት ጉልበት መለኪያ) ከ3,100 ገደማ ወደ 3,900 ይወጣል። ይህ ጉልበት ከፊት እንደሚወጣ ሁሉ ወደ ኋላም ይመጣል፤ ትከሻ ላይ የሚሰማው አንድ ተኩል እጥፍ ያህል ነው። የመጀመሪያው ቀን ሃያ ጥይት ተኮስኩ፣ ማድረግ አልነበረብኝም። በማግሥቱ ትከሻዬ ጠቁሮ ነበር። ከዚያም የባሰው፣ በአሥረኛው ጥይት ላይ ቃታ ከመሳቤ በፊት ዓይኔን እየጨፈንኩ መሆኑን አስተዋልኩ። ይህ ልማድ አንዴ ከገባ ለመውጣት ወራት ይፈጃል። አሁን በአንድ ቀን ከስምንት አላልፍም፣ ልምምዱን በትንሿ .22 እሠራለሁ፣ ሰደፉ ላይም ወፍራም ላስቲክ አስገጥሜበታለሁ። መነፅሩንም ወደፊት ገፋ አድርጉት። የእኔው በድሮው ቦታ ሆኖ ቅንድቤን ገጭቶኛል፣ ደምቶ ነበር።

ኅዳር መግቢያ ላይ ወጣን። የሴት ኤልክ ፈቃድ ነበረኝ። ኮሎራዶ ውስጥ ለኤልክ አረሩ ከ85 ግሬይን ማነስ የለበትም፣ በ100 ያርድም ቢያንስ 1,000 ፉት ፓውንድ ሊኖረው ይገባል፤ .338 ያንን ብዙ እጥፍ ያልፋል። ብርቱካናማ ሰደርያና ቆብ ለብሰን ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ተነሳን። በረዶው እስከ ቁርጭምጭሚት ነበር። ሦስት ሰዓት ላይ ከጥዱ ጫካ ጠርዝ ሰባት ሴት ኤልኮች ወጡ፣ 140 ያርድ ቢሆኑ ነው። ተንበረከክሁ፣ ቦርሳዬ ላይ አስደገፍኩት። በስመ አብ አልኩና ሳብኩ። ርግጫው ጭራሽ አልተሰማኝም፣ አደን ላይ አይሰማም። ኤልኳ ሁለት እርምጃ ሄዳ ቆመች። ጉንጬን ከሰደፉ ሳላነሳ በግራ እጄ አቀባበልኩ፣ ቀለሁ በግራ በኩል በረዶው ላይ ሲወድቅ "ጭስስ" ሲል ሰማሁት፣ የመነፅሩ መስቀል አሁንም ትከሻዋ ላይ ነበር። ሁለተኛው አላስፈለገም። ወደቀች። ያቺ ቅጽበት ናት ይህን ጠመንጃ እንዳልሸጥ ያደረገችኝ። በቀኝ ጠመንጃ ብሆን ያኔ ቀና ብዬ ማዶ ማቀባበያ እየፈለግሁ ነበር።

አረሩ ሁለቱንም ጎን በስቶ ወጥቷል። የተበላሸ ሥጋ ከ7 ሚሊ ሜትሩ ያነሰ ነው ብል ታምናላችሁ? ከበድ ብሎ ዘገም የሚል አረር ብዙ ጊዜ ያን ያህል ሥጋ አያበላሽም፤ ፈጣኑ ነው ደም አርግቶ ሥጋ የሚያጠፋው። ሥጋው የነቢያት ጾም ሳይገባ ቤት ደረሰ፣ ለገና ፍሪዝ ውስጥ ቆየ። እናቴ በስልክ "ይበላል ወይ?" ብላ ነበር። ያመሰኳል፣ ሰኮናውም ስንጥቅ ነው፣ ይበላል። ጥብሱ ልዩ ነው፣ ጮማ ግን የለውም፣ ቅቤ በዛ ማድረግ ነው። ክትፎውን በጥሬው አልመክርም፤ ደግሞም እዚህ አገር የአጋዘን ዘሮችን የሚይዝ፣ በማብሰልም የማይጠፋ የአንጎል በሽታ አለ፣ ጭንቅላቱን ለግዛቱ መሥሪያ ቤት አስመርምራችሁ ውጤቱ እስኪመጣ ጠብቁ። እኔ እንኳ ነፃ ነው ተብሎ መልስ ከመጣ በኋላ ለብለብ አድርጌ ነው የበላሁት።

ሒሳቡን ለምትፈልጉ፦ ባሬሉ 365 ዶላር፣ ሥራው 180፣ የሰደፉ ላስቲክ 40፣ የባሬሉ ቅብ 60። በድምሩ 645። የእኔን ጠመንጃ ብሸጥ አገኝ የነበረው 400 ቢሆን ነው፣ አዲስ ግራኝ .338 ያየሁት ደግሞ ከ1,400 በላይ ነበር። ከባዱ ወጪ ጥይቱ ነው። ሃያ ፍሬ የያዘው ካርቶን እዚህ ከ70 ዶላር በታች አላገኘሁም። ይህን ሳታስቡ አትግቡበት። አላስካም ሆነ ድብ ባለበት አገር የማትሄዱ ከሆነ፣ አጋዘንና ኤልክ ብቻ ከሆነ የምታድኑት፣ 7 ሚሊ ሜትራችሁን ወይ .30-06ታችሁን ያዙ። ባሬሉ ካረጀባችሁም ያንኑ ጥይት በአዲስ ባሬል አስገጥሙ።

የድሮውን ባሬል አልጣልኩትም። ሽማግሌው ዘይት ቀብቶ በጨርቅ ጠቅልሎ ሰጠኝ፣ ቁም ሣጥን ውስጥ ነው። አላስካ ሄጄ ስመለስ ልመልሰው ብል ዳዶው አሁን በቀላሉ ይፈታል፤ ልኬቱን ግን እንደገና እሱ ጋ ነው የማስደርገው።

የቀረኝ እንጨቱ ነው። መስከረም ላይ አላስካ ዝናቡ አያባራም፣ እንጨት ደግሞ ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ባሬሉን መልሶ ይነካል፣ ያ ወደ ቀኝ መሸሽ ሊመለስ ነው። ፕላስቲኩን ወይም ፋይበሩን ሰደፍ እፈልጋለሁ። እዚህ ላይ ግን ግራኝነት በእውነት ያስቸግራል፤ ማቀባበያው የሚያልፍበት ቁራጭ በግራ በኩል መሆን አለበት፣ የቀኙ አይሆንም። ሦስት ወር ፈልጌ ያገኘሁት አንድ ነው፣ እሱም አጭር ጥይት ለሚጎርሰው ለአጭሩ ሳቬጅ የተሠራ ሆኖ ተገኘ። ለረጅሙ ሳቬጅ 110 የሚሆን የግራኝ ፋይበር ሰደፍ ያለው ወይም የት እንደሚሸጥ የሚያውቅ ሰው ካለ ንገሩኝ፣ ከነሐሴ በፊት ቢሆን ደስ ይለኛል።